የሞተር ብስክሌት የኋላ ሰንሰለት አጠባበቅና አቀያየር

ይህ መረጃ በሥራቸው ምክንያት ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክሩ ወይም በባለቤትነት የያዙ ዜጎች የኋላውን ጎማ የሚያንቀሳቅሰውን ሰንሰለት ራሳቸው እንዲመረምሩ፣ በጋራዥ የሚከናወንላቸውንም ሥራ አውቀው እንዲከታተሉ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። ሰንሰለቱ በመካኒኮች ዘንድ ካቴና ተብሎ ይጠራል። በሀገራችን በብዛት የሚታዩት ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ፣ ያማሃ ኤጂ እና መሰል ሞተር ብስክሌቶች የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፉት በዚሁ ሰንሰለት በመሆኑ ጽሑፉ በዋናነት የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው። በቀበቶ ወይም በቺንጋ ስለሚሠሩት ደግሞ ወደ መጨረሻው አጭር ክፍል ተካትቷል።

ሰንሰለት በጉዞ ላይ ሲበጠስ ወይም ከቦታው ሲወጣ የሚደርሰው ጉዳት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው መንቀሳቀስ ማቆሙ ነው። ከዚህ የከፋው ሰንሰለቱ በፊተኛው ስፕሮኬትና በሞተሩ አካል መካከል ተጠቅልሎ የሞተሩን ቅርፊት መስበሩ ሲሆን፣ ከሁሉም የከፋው ግን በኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን በድንገት መቆለፉ ነው። ከኋላ ሰው የጫነ አሽከርካሪ በቁልቁለት ላይ ይህ ቢያጋጥመው ሞተሩን ሚዛኑን ጠብቆ ለማቆም ያለው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሆኖም በአግባቡ የተገጠመ ሰንሰለት ያለ ምልክት የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመበጠሱ በፊት ለሳምንታት ይጮኻል፣ ይንጓለላል፣ ቶሎ ቶሎ ይላላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምርመራዎች ዓላማ እነዚህን ምልክቶች በጊዜ ማንበብ ነው።

ሰንሰለት «ረዘመ» ሲባል ምን ማለት ነው

በተለምዶ ያረጀ ሰንሰለት «ተለጠጠ» ይባላል። በእርግጥ ግን የሰንሰለቱ የብረት ሳህኖች አይለጠጡም። የሚያልቀው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገኘው ፒንና ፒኑን የሚያቅፈው ቦኮላ ነው። አንድ አነስተኛ ሞተር ብስክሌት 118 ቀለበቶች ያሉት ሰንሰለት አለው ብንል፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲያልቅ ሰንሰለቱ በአጠቃላይ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መበላቱ ከውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ከላይ የሚያብረቀርቅና በግራሶ የተሸፈነ ሰንሰለት ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ሰንሰለቱን የሚገድለው በዋናነት በፒኑና በቦኮላው መካከል የገባ አቧራ ሲሆን፣ ዘይት ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሊጥ ይሆናል። በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ የሚሠራ ሞተር ሰንሰለቱን በአስፋልት ላይ ከሚሠራው እጅግ ቀድሞ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የረዘመ ሰንሰለት በስፕሮኬቱ ጥርሶች መካከል በትክክል ስለማይቀመጥ ጥርሶቹን ይበላል፤ የተበላው ስፕሮኬት ደግሞ አዲስ ሰንሰለትን በአጭር ጊዜ ያበላሻል። ሰንሰለትና ሁለቱ ስፕሮኬቶች አብረው ያረጃሉ፤ ስለዚህም አብረው መለወጥ አለባቸው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሰንሰለቱን ብቻ መለወጥ በቅርቡ ሁለተኛ ሰንሰለት መግዛትን ያስከትላል።

ጥብቀቱን መመርመር

በሰንሰለት አያያዝ ላይ በስፋት የሚታየው ስሕተት ሰንሰለቱን አለመቀባት ሳይሆን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ልቅ ሰንሰለት ስለሚያሰጋ ብዙ አሽከርካሪዎች ሙሉ በሙሉ እንዲወጠር ያዝዛሉ፤ አንዳንድ ጋራዦችም ሳይከራከሩ ይፈጽማሉ። ነገር ግን ሰንሰለቱ የተወሰነ ልልነት እንዲኖረው የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የኋላው ጎማ የተያያዘበት ክንድ የሚወዛወዝበት ነጥብና የፊተኛው ስፕሮኬት መሐል አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይም ከኋላ ሰው ሲቀመጥ በፊተኛውና በኋለኛው ስፕሮኬት መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። ርቀቱ ከሁሉ የሚበልጠው ፊተኛው ስፕሮኬት፣ ክንዱ የሚወዛወዝበት ነጥብና የኋላ ጎማው ፔርኖ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳለ የተወጠረ ሰንሰለት በዚህ ጊዜ የሚለቀቅበት ቦታ ያጣል። ጉልበቱ የሚያርፈው በማርሽ ሳጥኑ መውጫ ላይ በሚገኘው ኩሽኔታና በዘይት ማገጃው ወይም በፓራኦሊዮው ላይ ነው። ከፊተኛው ስፕሮኬት ጀርባ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ሲያጋጥም ከመንስኤዎቹ መካከል አስቀድሞ መጣራት ያለበት የሰንሰለቱ ጥብቀት ነው። ኩሽኔታውን ለመለወጥ በብዙ ሞተሮች ላይ የሞተሩን ቅርፊት መክፈት ግድ ይላል፤ ከሰንሰለት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ወጪም አይደለም።

ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ወይም በኋላ ክንዱ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። መመሪያው ከጠፋ ለአነስተኛ የከተማ ሞተር ብስክሌቶች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ የኋላ አሞዛተራቸው ረጅም እንቅስቃሴ ላላቸው የገጠር መንገድ ሞተሮች ደግሞ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ልልነት የተለመደ ነው።

ልኬቱ የሚወሰደው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖና መመሪያው ባዘዘው አቋም፣ ይኸውም በመካከለኛው ወይም በጎን ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነው። በታችኛው የሰንሰለት መስመር መሐል፣ ከሁለቱ ስፕሮኬቶች እኩል ርቀት ላይ፣ ሰንሰለቱን በጣት ወደ ታች ከዚያም ወደ ላይ በመግፋት በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ ጎማውን በእጅ ጥቂት በማዞር በሌላ ቦታ እንደገና ይለካል። አንድ ሰንሰለት በዙሪያው ሁሉ እኩል አያልቅም፤ በአንድ ቦታ 40 ሚሊ ሜትር የተንቀሳቀሰው በሌላ ቦታ 20 ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው መደረግ ያለበት ከሁሉም በላይ ጥብቅ ሆኖ በተገኘው ቦታ ላይ ነው። ይህን ሳያደርጉ ልል በሆነው ቦታ አስተካክለው የሚነሱ አሽከርካሪዎች ሳያውቁት ሰንሰለቱን አወጥረው ይሄዳሉ። በጥብቁና በልሉ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ማስተካከል መፍትሔ አይሆንም፤ ሰንሰለቱ መለወጥ አለበት።

ለማስተካከል የኋላ ፔርኖውን ዳዶ ማላላት፣ ከዚያም በሁለቱ የክንዱ ጫፎች ላይ የሚገኙትን ማስተካከያዎች በእኩል መጠን ማዞር ያስፈልጋል። በክንዱ ላይ የተቀረጹት መስመሮች በግራና በቀኝ አንድ ቁጥር ላይ መዋላቸው ይረጋገጣል። ወድቆ የተነሳ ወይም ክንዱ የተበየደ ሞተር ላይ ግን መስመሮቹ ላይታመኑ ስለሚችሉ፣ ክንዱ ከሚወዛወዝበት ብሎን መሐል እስከ ፔርኖው መሐል ያለውን ርቀት በሁለቱም ወገን በሜትር ለክቶ ማስተያየት የተሻለ ነው። ከኋላ ቆሞ ሰንሰለቱን በቁመቱ ሲመለከቱት በኋለኛው ስፕሮኬት መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። የስፕሮኬቱ አንድ ጎን ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጎማው ተጣሟል።

ጎማው ወደ ኋላ በተጎተተ ቁጥር የኋላ ፍሬን አብሮ ይጠብቃል። ይህ በተለይ ፍሬናቸው በዘንግ የሚሠራ ከበሮ የሆኑ ሞተሮችን ይመለከታል፤ በሀገራችን ከሚገኙት አነስተኛ ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሰንሰለት አስተካክሎ የፍሬኑን ልክ ሳያዩ መነሳት ፍሬኑ በጉዞ ላይ ሳይረገጥ እንዲነካ፣ ከበሮው እንዲግልና ነዳጅ በከንቱ እንዲባክን ያደርጋል። ፔርኖው ከተጠበቀ በኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በእጅ ሲዞር በነጻነት መዞር አለበት።

ማጽዳትና ዘይት መቀባት

አስቀድሞ አንድ ክልከላ ሊታወቅ ይገባል። ሞተሩን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው በራሱ እየዞረ ሰንሰለቱን በጨርቅ መጥረግ ወይም መቀባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጨርቁ በሰንሰለቱና በስፕሮኬቱ መካከል ሲያዝ ጣትን ይዞ ይገባል፤ ጣቱም አይመለስም። ሥራው ቢዘገይም ቁልፉ ወጥቶ፣ ጎማው በእጅ እየተገፋ ብቻ መከናወን አለበት። ሥራውን በወጣት ረዳቶች የሚያሠሩ ባለቤቶች ይህን አስቀድመው ማስጠንቀቅ ይጠበቅባቸዋል።

ለማጽዳት የሚያገለግለው ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ነው። ቤንዚን ለእሳት የሚያጋልጥ ከመሆኑም በላይ በአንዳንድ ሰንሰለቶች ላይ የሚገኘውን የጎማ ማሸጊያ ያበላሻል። ይህ ኦሪንግ ተብሎ የሚጠራው ማሸጊያ በፋብሪካ የተሞላውን ግራሶ በፒኑ ውስጥ ይዞ የሚያቆይ ሲሆን፣ መኖሩ የሚታወቀው በቀለበቶቹ ሳህኖች መካከል በሚታዩት ጥቁር የጎማ ቀለበቶች ነው። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ወይም በከፍተኛ ግፊት ባለው የመኪና ማጠቢያ ውኃ ከቅርብ መምታት ማሸጊያውን ይጎዳዋል። ከታጠበ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና ጥቂት እንዲደርቅ ይተዋል።

ለመቀባት ለሰንሰለት ተብሎ የተዘጋጀ ቅባት ወይም 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ተስማሚ ነው። በየቦታው የሚታየው ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የመቀባት ልማድ ግን ሊቀር ይገባል። ይህ ዘይት ከሞተሩ የወጣው ደቃቅ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ስለተከማቸበት ነው፤ በፒንና በቦኮላ መካከል ሲገባ ከማለስለስ ይልቅ ይፍቃል። ወፍራም ግራሶን ከላይ መለጠፍም እንዲሁ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ በምትኩ አቧራውን ሰብስቦ ይይዛል።

ዘይቱ የሚፈሰው በታችኛው መስመር ላይ፣ በሰንሰለቱ ውስጠኛ ፊት፣ በሳህኖቹ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሰንሰለቱ በስፕሮኬቱ ዙሪያ ሲዞር የሚፈጠረው ወደ ውጭ የመወርወር ኃይል ዘይቱን ወደ መገጣጠሚያው ያስገባዋል። ጥሩው ሰዓት ከጉዞ መልስ፣ ሰንሰለቱ ገና ሙቅ ሳለ ነው፤ ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጠዋት ላይ ከመነሳት በፊት በላዩ የቀረው ትርፍ ዘይት ይጠረጋል። በበጋ፣ በአቧራማ መንገድ፣ ይህ መጥረግ ከመቀባቱ የማያንስ ጥቅም አለው። ጎማው ላይ ወይም ወደ ፍሬን ከበሮው ዘይት እንዳይፈስም ጥንቃቄ ይደረጋል።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ መቀባት ለአነስተኛ ሞተሮች መካከለኛ ልክ ነው። በክረምት፣ ጭቃና ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ግን ኪሎ ሜትር መቁጠር ሳያስፈልግ በዕለቱ ማጽዳትና መቀባት ይገባል።

በግብርና፣ በጤና እና በሌሎች የመስክ ሥራዎች የሚያገለግሉትን እንደ ያማሃ ኤጂ ያሉ ሞተሮች በተመለከተ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የእነዚህ ሰንሰለት በሙሉ ሽፋን ውስጥ ስለሚሠራ አቧራና ጭቃ አይደርስበትም፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሆኖም የማይታይ ነገር ይረሳል። ሽፋኑ አለ ተብሎ ሰንሰለቱ ለወራት ሳይታይ ይቆይና ሽፋኑን ከውስጥ እየመታ መንጓጓት ሲጀምር ብቻ ይከፈታል። በሽፋኑ ላይ የሚገኘውን የመመልከቻ ቀዳዳ የጎማ ውታፍ በማንሳት ልልነቱን በጣት መፈተሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ውታፉ ከጠፋ በቶሎ መተካት አለበት፤ ክፍት የቀረ ሽፋን ውኃና አሸዋ አስገብቶ ማስወጫ ስለማይኖረው ከሽፋን አልባው የከፋ ይሆናል። ሽፋኑን ለጥገና ሲመች ብሎ አውልቆ መጣልም የሞተሩን ዋና ጥቅም ማጥፋት ነው።

የመለወጫው ጊዜ መድረሱን ማወቅ

አስተማማኙ ዘዴ መለካት ነው። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የሚገኘው ባለ 428 ቁጥር ሰንሰለት ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል 12.7 ሚሊ ሜትር አለው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ተወጥሮ 21 ፒኖች ተቆጥረው ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል ሲለካ፣ በመካከሉ 20 ርቀቶች ስለሚገኙ፣ አዲስ ከሆነ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ጊዜው አልፏል። ይህም ከ2 በመቶ ጭማሪ ጋር ይቀራረባል። የጎማ ማሸጊያ ላላቸው ሰንሰለቶች ገደቡ ከዚህ ጠበብ ያለ ስለሆነ መመሪያውን መከተል ይበጃል። ልኬቱን በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ወስዶ ትልቁን ውጤት መያዝ ይመከራል።

መለኪያ በሌለበት ቀላሉ ፈተና በኋለኛው ስፕሮኬት የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሰንሰለቱን በጣት ወደ ኋላ መሳብ ነው። ሰንሰለቱ ተነሥቶ ከጥርሱ ቁመት ግማሽ ያህሉ ከታየ ያረጀ ነው። የማስተካከያዎቹ መስመር መጨረሻው ላይ መድረሱም ሌላ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ሁለት ቀለበት ቆርጠው በማሳጠር ማሰርን ይመርጣሉ። ይህ ሰንሰለቱን አያድነውም፤ ያለቁት መገጣጠሚያዎች ሁሉ በቦታቸው ናቸው፣ ስፕሮኬቱንም መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

የስፕሮኬቱ ጥርሶች አዲስ ሲሆኑ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ናቸው። ሲያረጁ ጫፋቸው ይሾላል፣ ወደ አንድ ወገንም እንደ መንጠቆ ይጎብጣሉ። ፊተኛው ትንሽ ስለሆነና ለአንድ የኋላ ጎማ ዙር ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚዞር ቀድሞ ያልቃል፤ በሽፋን ስር ስለሚገኝ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ኋለኛው ብቻ ነው። ሽፋኑን ፈትቶ ፊተኛውን ሳያዩ «ጥርሱ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ከዚህ በተጨማሪ ደርቀው የማይታጠፉ ቀለበቶች፣ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የወደቀ ሮለር ወይም የጠፋ የጎማ ማሸጊያ ከተገኘ ልኬቱ ምንም ቢሆን ሰንሰለቱ ይለወጣል።

አቀያየር

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአሮጌው ሰንሰለት ቀለበቶች ብዛትና በጎኑ የተጻፈው ቁጥር፣ የሁለቱ ስፕሮኬቶች ጥርስ ብዛትም ይመዘገባል። አዲሱን ሰንሰለት ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ በርዝመት ማስተካከል ስሕተት ነው፤ አሮጌው ረዝሟልና። የሚቆጠረው ቀለበት ነው።

በቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ነገር ሥራውን ያቀላል። የፊተኛው ስፕሮኬት ዳዶ ወይም ብሎኖች መላላት ያለባቸው አሮጌው ሰንሰለት ገና ሳይፈታ ነው። ማርሽ ገብቶ የኋላ ፍሬን ሲረገጥ ሰንሰለቱ ራሱ ስፕሮኬቱን ይዞ ያቆመዋል። ሰንሰለቱ ከወጣ በኋላ ግን ስፕሮኬቱ አብሮ ስለሚዞር በመዶሻና በካቻቢቴ መታገል ይመጣል፤ ዘንጉና ፓራኦሊዮውም በዚህ ይጎዳሉ። ዳዶው በታጠፈ ሮንዴላ የተቆለፈ ከሆነ ሮንዴላው አስቀድሞ ይቃናል፤ ሲገጠምም በአዲስ ይተካል።

ከዚያ የመጋጠሚያው ቀለበት ክሊፕ በፒንሳ ይወልቃል። አሮጌው ሰንሰለት ከመውጣቱ በፊት የአዲሱ ጫፍ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ቢሳብ አዲሱ በፊተኛው ስፕሮኬት ዙሪያ በራሱ ያልፋል፤ ነገር ግን ይህ ለማለፊያ ብቻ የሚያገለግለው ስፕሮኬቶቹ አስቀድመው ተለውጠው ከሆነ ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ በሚለወጡበት ወቅት ሰንሰለቱ ይወጣል፣ ጎማው ይወልቃል፣ ኋለኛው ስፕሮኬት ይፈታል። በዚህ አጋጣሚ በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገኙት ድንጋጤ አስታጋሽ ጎማዎች ይታያሉ። ደርቀው የተፈረካከሱ ከሆነ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሰንሰለቱ ይመታል፤ አዲሱም ዕድሜው ያጥራል። ኩሽኔታዎቹም በጣት ዞረው ይፈተሻሉ። የስፕሮኬቱ ብሎኖች በመስቀል፣ ማለትም አንዱን ከጠበቁ በኋላ ተቃራኒውን በማጥበቅ፣ በመመሪያው በተወሰነው ኃይል ይታሰራሉ።

ሰንሰለቱ ሲጋጠም ክሊፑ የሚቀመጥበት አቅጣጫ የሕይወት ጉዳይ ነው። ክሊፑ አንድ ክፍትና አንድ ዝግ ጫፍ አለው። ዝጉ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የላይኛው መስመር ከኋላ ወደ ፊት ስለሚጓዝ፣ መጋጠሚያው በላይኛው መስመር ላይ ሆኖ ሲታይ ዝጉ ጫፍ ወደ ፊት ያያል፤ በታችኛው መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ። በተቃራኒው ከተቀመጠ ክፍቱ ጫፍ ድንጋይ ወይም የሽፋን ጠርዝ ሲነካ ክሊፑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም ይከፈታል። አሮጌ ክሊፕ እንደገና መጠቀም አይፈቀድም። ክሊፑ በሁለቱም ፒኖች ጉድጓድ ውስጥ መግባቱን በጥፍር ነክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጎማው ሲመለስ የፍሬን ከበሮውን ሳህን ከክንዱ ጋር የሚያያዘው ዘንግ መታሰሩ፣ የዳዶው ማቆያ ፒንም በቦታው መግባቱ ሳይረጋገጥ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ይህ ዘንግ ካልታሰረ ፍሬን ሲረገጥ ሳህኑ ከጎማው ጋር ዞሮ ጎማውን ይቆልፋል። ከዚያ ጥብቀቱ ከላይ በተገለጸው መሠረት ይስተካከላል። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ 200 እና 300 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጥቂት መላላቱ የሚጠበቅ ስለሆነ በዚያ ጊዜ እንደገና ይለካል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ሰንሰለት ሲለውጡ ለዳገት እንዲጎትት ወይም ፍጥነት እንዲጨምር የስፕሮኬቱን ጥርስ ብዛት ይቀይራሉ። በፊት 14፣ በኋላ 42 ጥርስ ያለው ሞተር ጎማው አንዴ ሲዞር ፊተኛው ስፕሮኬት 3 ጊዜ ይዞራል፤ ፊተኛው ወደ 13 ሲወርድ 3.23 ጊዜ ይሆናል። ጉልበቱ ይጨምራል፣ በዚያው ፍጥነት ግን ሞተሩ 8 በመቶ ያህል በበለጠ ይሽከረከራል፣ ነዳጅም ይበላል። ፊተኛው ባነሰ ቁጥር ሰንሰለቱ በጠባብ ክብ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል። አምራቹ የመረጠውን ብዛት መጠበቅ ለአብዛኛው ሰው የተሻለ ነው።

ተሳፋሪና ልብስ

የሰንሰለት መሸፈኛ ቆርቆሮ የሚገጠመው ለጭቃ መከላከያ ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የነጠላው ወይም የጋቢው ጫፍ፣ የረጅም ቀሚስ ዘርፍ፣ ልጅ ያዘለች እናት የአንቀልባዋ ማሰሪያ በሰንሰለቱና በኋለኛው ስፕሮኬት መካከል ሊገባ ይችላል። ጨርቁ ሲያዝ ሰውየውን ወደ ኋላ ስቦ ይጥለዋል፤ በአንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነም ያንቃል። አሽከርካሪው ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ልብሱ መሰብሰቡንና ከጉልበት በታች የሚወርድ ጫፍ አለመኖሩን ማየት አለበት። መሸፈኛው የወለቀ ወይም የተሰበረ ሞተር ተሳፋሪ መጫን የለበትም።

በጉዞ ላይ ሰንሰለቱ ሲወጣ ወይም ሲበጠስ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ይዞ፣ ነዳጁን ለቆ፣ ሞተሩ በራሱ ፍጥነት እየቀነሰ ወደ መንገዱ ዳር እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። የኋላውን ፍሬን በድንገት መርገጥ ጎማውን ያንሸራትታል። ሰንሰለቱ የሚነካው ሞተሩ ከጠፋና ማርሹ ዜሮ ላይ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው።

በቀበቶ የሚሠሩ ሞተር ብስክሌቶች

እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ባሉ ትላልቅ ሞተሮችና በአንዳንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ከሰንሰለት ይልቅ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ይገኛል። ቀበቶው በውስጡ እጅግ ጠንካራ ክር የተሠራ ስለሆነ እንደ ሰንሰለት አይረዝምም፤ ዘይትም አይፈልግም። እንዲያውም ዘይት፣ ግራሶና ነጭ ጋዝ ጠላቶቹ ናቸው። የሰንሰለት ልማድ ያለው መካኒክ በቅንነት ቀብቶ እንዳያበላሸው ባለቤቱ ማስታወቅ ይኖርበታል። የሚጸዳው በውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው።

የሚመረመረው ለስንጥቅ፣ ለወለቀ ጥርስ፣ ለተላጠ ጠርዝና ጠጠር ለበሳው ቀዳዳ ነው። ቀበቶ እንደ ሰንሰለት ለሳምንታት አይጮኽም፤ ምልክቱ ያለው በዓይን ብቻ ነው። ጥብቀቱ የሚለካው በተወሰነ ኃይል ተገፍቶ ሲሆን፣ በሃርሊ ዴቪድሰን ላይ ይህ ኃይል 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ቀለበት በመሆኑ በብዙዎቹ ላይ ለመለወጥ የኋላ ክንዱን መፍታት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በዕውቀት ላለው ጋራዥ መተው ይመከራል። አዲሱ ቀበቶ ሲያዝ መታጠፍ፣ መጠምዘዝ ወይም በካቻቢቴ ተፈልቅቆ መግባት የለበትም፤ ውስጡ ያለው ክር ይሰበራል፣ ስብራቱም ከውጭ አይታይም። በስኩተሮች የሞተር ሽፋን ውስጥ የሚገኘው ቺንጋ ከዚህ የተለየ ዓይነት ስለሆነ ይህ ክፍል እርሱን አይመለከትም።

ዕቃ ሲገዙና ጋራዥ ሲያሠሩ

በገበያ ላይ የሚገኙ ሰንሰለቶች ጥራታቸው እጅግ የተለያየ ነው። በማሸጊያው ላይ ያለው የንግድ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአምራቹ ስምና እንደ 428 ያለው ቁጥር በሳህኖቹ ላይ በግልጽ የተቀረጸ መሆኑን፣ ሰንሰለቱ በጎኑ ተይዞ በአግድም ሲዘረጋ ብዙ አለመጉበጡን፣ ቀለበቶቹም ሁሉ በቀላሉ መታጠፋቸውን መመልከት ይጠቅማል። ሰንሰለትና ሁለቱ ስፕሮኬቶች በአንድ ጥቅል ቢገዙ ይመረጣል።

ደረሰኝ መቀበል የሸማቹ መብት ነው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በአዋጁ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ ጉድለቱ እንደታየ ለሻጩ ማሳወቅ፣ ካልተፈታም ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ለዚህም ዕቃው የተገዛበት ደረሰኝ፣ ማሸጊያውና የተበላሸው ዕቃ ራሱ መቅረብ ስለሚኖርባቸው እስኪጣራ ድረስ አይጣሉም። ጋራዥ የሚያሠሩ ባለንብረቶች የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎች እንዲረከቡ ይመከራል፤ ፊተኛው ስፕሮኬት በእርግጥ መለወጡ የሚታወቀው አሮጌው በእጅ ሲገባ ነው።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሞተር ብስክሌቶችንም ይመለከታል። ለምርመራ ከመቅረብ በፊት ሰንሰለቱ ጸድቶ፣ ጥብቀቱ ተስተካክሎ፣ መሸፈኛው በቦታው ታስሮ ቢገኝ ባለንብረቱን ከመመላለስ ያድነዋል። በአፈር መንገድ ላይ በየቀኑ የሚሠራ ሞተር ሰንሰለቱን ከአንድ ምርመራ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጨርስ ስለሚችል፣ ቦሎ መለጠፉ የሰንሰለቱን የዛሬ ሁኔታ አያረጋግጥም። በርካታ ሞተር ብስክሌቶች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሞተር የተቀባበትን፣ የተስተካከለበትንና የተለወጠበትን ቀን ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር የሚመዘግብ ካርድ ከሞተሩ ሰነድ ጋር አያይዘው እንዲይዙ ይመከራል።